ሞዴል አውሮፕላን ላይ በኤርብራሽ ጥላ አወጣጥ

አንድ ወጥ ቀለም ብቻ የተቀባ ሞዴል አውሮፕላን መጫወቻ ይመስላል። መፍትሔው በኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ፣ ከዋናው ቀለም በፊት ጥላ መጣል ነው።

መጀመሪያ ግራጫ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባ መነሻ ቀለም) ቀቡና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ጥቁር ቀለም በቲነር ወተት እስኪመስል አቅጥኑ። የአየር ግፊቱን ወደ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አውርዱት፣ የኤርብራሹን አፍንጫ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ድረስ አስጠጉና የክንፉን የመጋጠሚያ መስመሮች ተከትላችሁ ቀጭን መስመር አስምሩ። ሁሌም አየሩን አስቀድሙ፣ ቀለሙን ቀጥሉ፤ ስታቆሙ ደግሞ ቀለሙን ቀድማችሁ ዝጉ፣ አለዚያ መስመሩ ጫፍ ላይ ጠብታ ይቀራል። ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ከተበተነ በጣም ቀጥኗል ወይም ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ግን አትጨነቁ፣ መስመሩ ወጣ ገባ ሲል እንዲያውም ያምራል።

ዋናው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ነው። የላዩን ቀለም ከወትሮው የበለጠ አቅጥናችሁ፣ በመስመሮቹ መሃል ካለው ቦታ ጀምራችሁ ወደ ጠርዙ እየሄዳችሁ፣ በስሱ ደጋግማችሁ ደርቡ። እርጥብ ቀለም ያታልላል፣ ስለዚህ በየዙሩ ጠብቁ። ጥቁሩ መስመር ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው በቃ፣ አቁሙ! እኔ አንዴ «አንድ ዙር ብቻ ልጨምር» ብዬ የሙሉ ቀን ሥራዬ ድራሹ ጠፍቷል።

በመጨረሻ እዚያው ቀለም ላይ ጥቂት ነጭ ጠብ አድርጉና መሃል መሃሉን ብቻ ንፉት፤ ፀሐይ የመታው ይመስላል። በ1/72 ልክ (ርዝመቱ ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ) ለተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ግን በጣም ቆጥቡት። የመተንፈሻ ጭንብልም አድርጉ።