ሰማይና ባሕርን በወታደር ቤት ማጥናት፦ አሜሪካ አዲስ ለገቡ ወገኖች

ከቦሌ ተነሥቶ ዋሽንግተን አጠገብ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ዘመዶቹን በዓይኑ ሲፈልግ ልብ አይለውም እንጂ፣ ከማረፊያው ጥግ ስተርሊንግ በምትባለው የቨርጂኒያ ከተማ ካለው የብሔራዊ አየር ጠባይ አገልግሎት ቢሮ በቀን ሁለት ጊዜ ትልቅ ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ከፊኛው ሥር በረጅም ክር የተንጠለጠለች ቀላል መሣሪያ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና የአየር ግፊቱን እየለካች በሬዲዮ ወደ ምድር ትልካለች፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፊኛው ይፈነዳና እርሷ በትንሽ ጃንጥላ ትወርዳለች። ልኬቱ በዓለም ዙሪያ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓትና ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲደርስ ሆኖ ይወሰዳል። እንዲህ ያለውን ፊኛ የባሕር ኃይል ባለሙያዎችም ከመርከብ ላይ ይለቁታል።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚቆረቆሩ፣ በአገር ቤት ፊዚክስ፣ ጂኦግራፊ ወይም ሚቲዎሮሎጂ የተማሩ አዲስ መጪዎች ሁለት ጥያቄ አብረው ይጠይቃሉ። አንደኛው፣ ጦሩ በዚህ ሙያ ሰው እንደሚቀጥር ሰምቻለሁ፣ እንዴት ልግባ የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ በአየር ንብረት ጉዳይ አደባባይ ወጥቼ ልሟገት ወይ የሚል ነው። ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በር ሲከፈት ሌላውን ገርበብ ያደርገዋልና፣ የትኛውን አስቀድመው እንደሚያንኳኩ ሳያስቡ መነሣት ብዙ ዓመት ያስከፍላል።

ወደብ ከሌለው አገር ለመጣን ሰዎች የውቅያኖስ ሳይንስ የሩቅ ጉዳይ ይመስለናል። ክረምታችን ግን ከውቅያኖስ የሚመጣ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ውቅያኖስ የተፈጠረው የኤልኒኖ ሙቀት ዝናባችንን አዛብቶ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ እንዳደረገ የምናስታውሰው ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ወራትና ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጦሩ ይህን ሙያ የያዘው ደግሞ ለዕውቀት ሲል ብቻ አይደለም። በ1944 የአሜሪካና የአጋሮቿ ጦር በፈረንሳይ ኖርማንዲ ዳርቻ ከባሕር መውረዱ በሰኔ 5 እንዲሆን ታቅዶ የነበረው የአየር ትንበያ ባለሙያው ጄምስ ስታግ ባቀረበው ምክር በአንድ ቀን ተራዘመ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ የአሜሪካ መርከቦች በፓስፊክ ላይ አውሎ ነፋስ ውስጥ ገብተው ዲስትሮየር የሚባሉ ሦስት የጦር መርከቦች ሰጠሙ፣ 790 ያህል መርከበኞችም ሞቱ። ዛሬ የፓስፊክንና የሕንድ ውቅያኖስን አውሎ ነፋሶች የሚከታተለው የጦሩ የጋራ ማእከል በ1959 ተቋቁሞ አሁን በሃዋይ ፐርል ሃርበር ይሠራል።

ከባሕሩ በታች ያለው ሥራ ደግሞ የበለጠ ይስባል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በባሕር ውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ ፍጥነት በሙቀት፣ በጨዋማነትና በጥልቀት ስለሚለዋወጥ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ፍጥነቱ ዝቅ ወዳለበት የውኃ ንብርብር ይታጠፋል። ፀሐይ ካሞቀችው የላይኛው ውኃ በታች የተሸሸገ ሰርጓጅ መርከብ ከላይ በሚላክ ድምፅ ላይገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የባሕር ኃይሉ ባለሙያ መርከቡ በሚሄድበት ሁሉ የውኃውን ሙቀት በየጥልቀቱ ይለካል። ለውጊያ የተሰበሰበው ልኬት ለአየር ንብረት ሳይንስም መዋሉ የሚገርም ነው፤ በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር ይመላለሱ የነበሩ ሰርጓጅ መርከቦች ያስቀሩት የበረዶ ውፍረት መዝገብ በ1990ዎቹ ለተመራማሪዎች ሲለቀቅ በረዶው እየሳሳ መምጣቱን አሳይቷል።

ቀጣሪው ማን ነው? በባሕር ኃይል ውስጥ በተራ ወታደርነት ገብተው የአየር ጠባይና የባሕር ምልከታ የሚሠሩት ሰዎች ሥልጠናቸውን የሚወስዱት በሚሲሲፒ ግዛት ቢሎክሲ ከተማ በሚገኘው ኪስለር የአየር ኃይል ሰፈር ሲሆን፣ የአየር ኃይሉም ባለሙያዎች እዚያው ይማራሉ። የባሕር ኃይሉ የሚቲዎሮሎጂና የውቅያኖስ ዕዝ በዚያው ግዛት በስቴኒስ ነው፤ አየሩንና ባሕሩን በኮምፒውተር ስሌት የሚተነብየው ማእከሉ በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ይገኛል፤ በሞንተሬይም መኮንኖች ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠሩበት የባሕር ኃይል ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አለ። የአየር ኃይሉ 557ኛ የአየር ጠባይ ክንፍ በነብራስካ ኦፈት ሰፈር ነው። ወታደር መሆን ለማይፈልግ ደግሞ እነዚህ ተቋማት ሲቪል ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖአ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ብዙዎቻችን እንጀራና ቡና ፍለጋ በምንመላለስባት ከተማ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት ማለት ነው። ኖአ የራሱ መርከቦችና አውሮፕላኖች፣ የጦር መሣሪያ የማይዙ ግን ዩኒፎርም የሚለብሱ መኮንኖችም አሉት።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ሰው የሚሰናከለው በሒሳብ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ነውና። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል፤ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ግዴታ ነው። የአየር ጠባይና የባሕር ሥራ ደግሞ የምስጢር ፈቃድ፣ እዚህ ሁሉም ክሊራንስ የሚለውን ነገር ይጠይቃል፤ ይህም በመደበኛነት ለዜጎች ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይዞ የሚቀጠር ሰው መጀመሪያ የሚመደበው ክሊራንስ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ነው። ከ2001 ወዲህ በጦሩ ውስጥ በክብር የሚያገለግል ሰው አምስት ዓመት ሳይጠብቅ ለዜግነት ማመልከት የሚችልበት ሕግ ስላለ፣ አንዳንዶች መጀመሪያ በሌላ ሙያ ገብተው፣ ዜግነት ወስደው፣ ከዚያ ወደ ሚቲዎሮሎጂ ለመዛወር ያመለክታሉ። ዝውውሩ ግን መብት አይደለም፤ መልማዩ በቃል የነገረዎ ሁሉ በኮንትራቱ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተነገረ ይቁጠሩት። የመጀመሪያው ኮንትራት በጠቅላላው የስምንት ዓመት ግዴታ እንደሚያስከትልም ከመፈረም በፊት ይወቁ፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው በተጠባባቂነት የሚቆጠር ነው። ሌላም የሚምታታ ነገር አለ፦ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወንዶች፣ ግሪን ካርድ ያላቸውም ጭምር፣ ስማቸው ሰሌክቲቭ ሰርቪስ በሚባለው ለግዳጅ ውትድርና ጥሪ በሚያዝ መዝገብ ላይ እንዲገኝ ሕጉ ያዛል፤ ይህ ምዝገባ ጦር ውስጥ መግባት አይደለም፣ አለመመዝገብ ግን በኋላ የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል ይችላል።

የክሊራንሱ ቅጽ ረጅም ነው፤ አሥር ዓመት ወደኋላ የኖሩበትን አድራሻ ይጠይቃል። ቀበሌ ቤት ያለ ቁጥር የኖረ ሰው፣ ወይም በስደት በሱዳንና በኬንያ በኩል ያለፈ ሰው፣ ይህን ለመሙላት ምሽቶች ያባክናል። ስምም ሌላ ራስ ምታት ነው፦ የአባት ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ተብሎ ይያዛል፣ በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በትራንስክሪፕቱ ሌላ ዓይነት ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በመስከረም 1990 በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ሰው በአንዱ ወረቀት 1990፣ በሌላው 1997 ተብሎ ተመዝግቦ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ልዩነቱን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ግን አስቀድመው ያዘጋጁ። ቅጹ በውጭ አገር ያለ ንብረትን፣ የባንክ ሒሳብንና የውጭ ዜጋን በገንዘብ መርዳትን ይጠይቃል። ለእናትዎ በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ፣ በስምዎ የወጣ ኮንዶሚኒየም፣ ከወንድሞች ጋር የገዛችሁት መሬት፣ ሁሉም መጻፍ አለበት። የሚገባኝ ነገር አለ፤ በእኛ ባህል የቤት ጉዳይን ለመንግሥት መዘርዘር ደስ አያሰኝም። ነገር ግን ለእናት ገንዘብ መላክ ብቻውን ሰውን ከሥራ አያስቀርም፤ መደበቅ ግን ያስቀራል፣ በፌዴራል ሕግ ወንጀልም ነው። የአሜሪካ ዜግነት ሲወስዱ በአዋጅ 378/1996 (በእኛ አቆጣጠር) የኢትዮጵያ ዜግነትዎን የሚያጡ መሆኑን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካወጡም ለመርማሪው መግለጽ እንደሚበጅ አይዘንጉ። ጫትና ማሪዋናም ሳይነሡ አይታለፉም፤ ሜሪላንድ ማሪዋናን ብትፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ አልፈቀደም፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በዚሁ ሕግ የተከለከለ ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፤ ሒሳብ። የፌዴራሉ መንግሥት በሚቲዎሮሎጂስትነት ለመቅጠር ቢያንስ 24 ሴሚስተር ሰዓት የከባቢ አየር ሳይንስ ትምህርት፣ ከዚያም ጋር ፊዚክስና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይጠይቃል። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሚቲዎሮሎጂ የተመረቀ ሰው ኮርሶቹን በሰዓት በሰዓት የሚያመሳክር ግምገማ ማስደረግ አለበት፤ ዲግሪው ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር እኩል ነው የሚለው አጭሩ ሰርተፍኬት ብቻውን አይበቃውም። የጎደለውን ሁለት ሦስት ኮርስ በርካሽ የሚሞላው በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በኮሌጅ ፓርክ የከባቢ አየርና የውቅያኖስ ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው፤ በዚያችው ከተማም የኖአ የትንበያ ማእከል ይገኛል። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም በከተማው መካከል በከባቢ አየር ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም ያካሂዳል።

ተሟጋችነቱስ? ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሰላማዊ ሰልፍ መውጣት፣ ለምክር ቤት አባል ደብዳቤ መጻፍ፣ ስብሰባ ላይ መናገር ይችላል። በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ግን አይችልም። እኔ በመጣሁ በሦስተኛው ወር መንጃ ፈቃድ ላወጣ በሄድኩበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ በፍጥነት አከታትላ ከጠየቀችኝ ጥያቄዎች አንዱ በመራጭነት ልመዝግብህ ወይ የሚል ነበር፤ የልብ ወይም የኩላሊት ለጋሽ መሆን ትፈልጋለህ ወይ ከሚለው ቀጥሎ ስለመጣ ለሁለቱም በትሕትና አዎን ልል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለእንዲህ ያለው ምርጫ ቢመዘገብና ቢመርጥ ከአገር እስከ መባረር ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ያልገባዎትን ጥያቄ እንደገና ያስደግሙ።

ዩኒፎርም ከለበሱ በኋላ ደንቡ ጠበቅ ይላል። በሥራ ላይ ያለ ወታደር መምረጥ ይችላል፣ በፓርቲ ሰልፍ ላይ መናገር ወይም ወታደራዊ ልብሱን ለብሶ ተቃውሞ መውጣት ግን አይችልም። ሲቪል የፌዴራል ሠራተኛም ከ1939 ጀምሮ ባለው ሃች አክት በተባለው ሕግ መሠረት በሥራ ሰዓት ለፓርቲ መቀስቀስ ተከልክሏል። የአየር ንብረት ለውጥ በራሱ የፓርቲ ጉዳይ አይደለም ቢባልም፣ በዚህ አገር ከፓርቲ ጋር ስለተሳሰረ መስመሩ ቀጭን ነው። የሪር አድሚራል ዴቪድ ቲትሊ ታሪክ ይህን ያሳያል፦ የባሕር ኃይሉ የውቅያኖስ ሹም ሆነው በ2009 የተቋቋመውን የአየር ንብረት ለውጥ ግብረ ኃይል መሩ፤ መጀመሪያ ለውጡን ተጠራጣሪ እንደነበሩ በግልጽ ተናግረዋል፤ በስፋት የተሟገቱት ግን ከጦሩ ከወጡ በኋላ ነው። ግብረ ኃይሉ በ2019 ተዘግቷል። ለመሟገት የሚቸኩል ሰው ዩኒፎርሙን ባይቸኩልበት እመርጣለሁ፤ መረጃውን ከምንጩ ማየት ለሚፈልግ ግን ጥቂት ዓመት ዝም ማለት ከባድ ዋጋ አይመስለኝም።

ዝምታው ጥያቄውን አያጠፋውም፤ በቨርጂኒያ ኖርፎክ የሚመደብ ወጣት የዓለም ትልቁ የባሕር ኃይል ሰፈር ባለባት ከተማ ዝናብ ሳይዘንብ መንገድ በባሕር ውኃ ሲሸፈን በዓይኑ ያያል። መሬቱ ራሱም እየሰመጠ ስለሆነ የባሕሩ ከፍታ እዚያ በዓመት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል።

ጊዜው ለዚህ ሙያ የተመቸ አይደለም። በ2025 የመከላከያ ሚኒስቴሩ የአየር ንብረት ፕሮግራሞችን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት የካቲት ወር ኖአ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሙከራ ጊዜ ሠራተኞችን አሰናበተ። የዋልታ በረዶን ስፋት ለማወቅ ለአሥርተ ዓመታት ሲያገለግል የኖረውን የመከላከያ ሳተላይት መረጃ ማሰራጨት በዚያው ዓመት ሊቆም ነው ተብሎ፣ ከተመራማሪዎች ጩኸት በኋላ እስከ መስከረም 2026 ተራዝሟል። ትንበያ ራሱ ግን አይቆምም፤ መርከብና አውሮፕላን ያለ እርሱ አይንቀሳቀሱምና፣ ማመልከቻዎን የአየር ንብረት በሚል ቃል ሳይሆን በትንበያ፣ በምልከታና በስሌት ችሎታ ላይ ያቁሙት። የፌዴራል ሥራ ማስታወቂያ የሚወጣው ዩኤስኤጆብስ በተባለው ድረ ገጽ ነው፤ አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ስለሚዘጋ ትራንስክሪፕቱን፣ የኮርስ ግምገማውንና የዜግነት ማስረጃውን በአንድ ፋይል አዘጋጅተው ከወዲሁ በስልክዎ ላይ ያስቀምጡ።