ከኮንዶሚኒየም ሳሎን ሆኖ ማረስ፦ የእርሻና የኑሮ ጌሞችን እንዴት መጀመር ይቻላል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ የሚኖር ሰው እርሻ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከዳር ካሉት ብሎኮች ማዶ ዛሬም ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት መሬት አለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጫጁም ክምሩም በመስኮት ይታያል። እዚያው መስኮት ሥር የተቀመጠው ልጅ ግን ስልኩ ላይ ኳስ ወይም ተኩስ ነው የሚጫወተው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ሌላ ዓይነት ጌም መሞከር ለሚፈልግ ሰው ነው። በእርሻና በኑሮ ጌም ውስጥ መሬት ትመነጥራላችሁ፣ ትዘራላችሁ፣ ውሃ ታጠጣላችሁ፣ ከጎረቤት ጋር ትግባባላችሁ። አሸናፊና ተሸናፊ የለም። ጀማሪው ግራ የሚጋባውም በዚሁ ነው፤ ማንም ስለማያሳድደው ራሱ ይሮጣል፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ልሥራ ይላል፣ ከዚያ ሰልችቶት ይተወዋል። ስለዚህ ዋናውን ምክሬን ከወዲሁ ልናገር፦ በትንሽ መሬት ጀምሩ፣ ቀኑን ሳትጣደፉ ኑሩት።

የዚህ ዓይነት ጌም አጀማመር ራሱ ከገጠር ጋር የተያያዘ ነው። በፈረንጆች 1996 ጃፓን ውስጥ የወጣውን «ሃርቨስት ሙን» የፈጠረው ያሱሂሮ ዋዳ ያደገው በሚያዛኪ ገጠር ነው፤ ቶኪዮ ገብቶ መሥራት ከጀመረ በኋላ የተወውን የገጠር ኑሮ በጌም መልክ አመጣው። ከ20 ዓመት በኋላ በ2016 ደግሞ ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ኮዱንም ለብቻው ሠርቶ «ስታርዲው ቫሊ»ን አወጣ። ዛሬ ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ዕቃ እዩ

መጀመሪያ ጌሙን አትምረጡ፤ መጀመሪያ ያላችሁን ኮምፒውተር ወይም ስልክ፣ ኢንተርኔታችሁንና የሰፈራችሁን መብራት እዩ።

ያረጀ ላፕቶፕ ካላችሁ ስታርዲው ቫሊ ይበቃችኋል። 2 ጊጋባይት ራምና 500 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ነው የሚጠይቀው፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በአንድሮይድና በአይፎንም አለ። የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያም የለውም።

ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነና መክፈል ካልፈለጋችሁ «ሄይ ዴይ» በነጻ ይወርዳል። የፊንላንዱ ሱፐርሴል በፈረንጆች 2012 ያወጣው ነው። ስንዴው በ2 ደቂቃ ይደርሳል፣ ሰብሉ ሳይሰበሰብ ቢቆይ አይበላሽም፣ የተዘራች አንዷ ዘር ሁለት ሆና ትመለሳለች። ለታዳጊዎች ደስ ይላል። ሁለት ነገር ግን እወቁ፦ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ ወደ ፊት በሄዳችሁ ቁጥር የምትጠብቁት ጊዜ ይረዝምና እሱን በእውነተኛ ገንዘብ በሚገዛ አልማዝ እንድታሳጥሩ ይጋብዛችኋል። ስልኩን ለልጅ የምትሰጡ ወላጆች የመክፈያውን መንገድ ዘግታችሁ ስጡ።

ጠንካራ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሌላም ምርጫ አለው። በፈረንጆች 2008 የተጀመረው የስዊዘርላንዱ «ፋርሚንግ ሲሙሌተር» ትራክተርና ኮምባይነር ለሚወድ ነው፤ ማረስ፣ መዝራት፣ ማዳበሪያ መጨመርና ማጨድ ሁሉም በማሽን ነው፤ የማሽኖቹ ስምም እንደ ማሲ ፈርጉሰን ያለ የምናውቀው ነው። «ዘ ሲምስ 4» ደግሞ የቤት ኑሮ ነው፤ ስለሱ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። ኒንቴንዶ ስዊች ያለው ሰው «አኒማል ክሮሲንግ»ን ይሞክር፤ እዚያ ጊዜው የሚሄደው ከእውነተኛው ሰዓት ጋር ነው፤ ማታ ከከፈታችሁት በጌሙም ውስጥ ማታ ነው።

ደረጃ 2፦ መግዛትና ማውረድ

እኛ አገር ጀማሪውን የሚያስቆመው ክፍያው ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ካላችሁ ጉዳዩ ያልቃል። ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር በኩል በስጦታ መልክ ሊልክላችሁ ይችላል፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ስቲም ስጦታውን ስለማይፈቅድ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አጣሩ። ያለ ክፍያ ክራክ የተደረገ ቅጂ በፍላሽ አትቀበሉ። ቫይረሱ አንድ ነገር ነው፤ እንደ ባሮን ያለ ሰው ዓመታት ለብቻው የደከመበት ሥራ ደግሞ ዋጋው ሊከፈለው ይገባል።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ልመዱ

ከዚህ በኋላ እስከ ደረጃ 7 የምናወራው ስለ ስታርዲው ቫሊ ነው። አዲስ ጌም ስትከፍቱ የእርሻ ዓይነት ያስመርጣችኋል። የመጀመሪያውን፣ ስታንዳርድ የሚለውን ውሰዱ፤ ሰፊና ሜዳማ ነው።

ሰዓቱ የሚነበበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቀኑ የሚጀምረው በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያልተኛ ሰው እዚያው ይወድቃል፣ ገንዘብም ይቀነስበታል። የዘር ሱቁ በእኛ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት ሲሆን ረቡዕ ዝግ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ስለሆነ በወሩ 3፣ 10፣ 17 እና 24 ዘር አታገኙም ማለት ነው።

አንድ የጌሙ ቀን ከአልጋ እስከ አልጋ 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ስለ መብራት ስናወራ ያስፈልገናል።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀን

500 ወርቅ (የጌሙ ገንዘብ) እና 15 የፓርስኒፕ ዘር ይዛችሁ ትነሳላችሁ። ፓርስኒፕ ነጭ ካሮት የሚመስል ሥራ ሥር ነው። ግቢው በድንጋይ፣ በግንድና በአረም ተሞልቷል፤ ሁሉንም ዛሬ ላጽዳ ያለ ሰው ከቀትር በፊት ይደክማል።

ሒሳቡን እናስላ። ገጸ ባሕሪያችሁ 270 ኃይል አለው። አንድ ጉድጓድ መኮትኮት 2 ይወስዳል፣ አንዴ ውሃ ማጠጣት ሌላ 2። ለ15ቱ ዘር በድምሩ 60 ወጣ። የቀረው 210 ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ዛፍ በተሰጣችሁ መጥረቢያ ከነጉቶው ለመጣል ብቻ 30 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በቤቱ ደጃፍ አምስት በሦስት የሆነች መደብ አጽዱ፣ ዝሩ፣ አጠጡ። ከዚያ ሳጥን ለመሥራት የሚበቃ 50 እንጨት ሰብስቡና መጥረቢያውን አስቀምጡ። የቀረውን ቀን መንደሩን ዙሩ። በእግር መሄድና ሰው ሰላም ማለት ኃይል አይጨርስም።

መደቧን ለምን አሳነስናት? የተዘራ ሁሉ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ ካልጠጣ በዚያ ቀን አያድግም። አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙትን አይታችሁ ከሆነ ጉልበቱ የሚያልቀው በመዝራቱ ሳይሆን በማጠጣቱ ነው። በጌሙም እንዲሁ ነው። ማጠጫው አንዴ ተሞልቶ 40 ጊዜ ብቻ ያጠጣል። ውሃውን በራሱ የሚረጨው መርጫ እስኪመጣ ድረስ በእጃችሁ ልታጠጡ ከምትችሉት በላይ አትዝሩ።

ሌላም ምክንያት አለ። ቁራዎች ሰብል መብላት የሚጀምሩት ከ15 በላይ ስትተክሉ ነው። ማስፈራሪያ መሥራት የምትችሉት ደግሞ የእርሻ ችሎታችሁ 1ኛ ደረጃ ሲደርስ ነው፤ እሱም የመጀመሪያውን ምርት ስትሰበስቡ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ወቅት

ጠዋት ስትነሱ ቴሌቪዥኑን ክፈቱ፤ የነገን አየር ይነግራችኋል። 3ኛው ቀን ሁልጊዜ ይዘንባል። ዝናብ ባለበት ቀን ማጠጫው ስለማያስፈልግ ሌላ ሥራ ያዙ። ማጠጫውን ለአንጥረኛው ሰጥታችሁ ለማሻሻልም የሚበጀው ነገ ይዘንባል የተባለ ቀን ነው፤ ሥራው ሁለት ቀን ይወስዳልና።

ፓርስኒፑ በአራት ቀን ይደርሳል፤ አንዱ በ35 ወርቅ ይሸጣል። ዘሩ ሱቅ ውስጥ 20 ነው። ድንች ዘሩ 50፣ የሚደርሰው በ6 ቀን፣ ዋጋው 80። አበባ ጎመን ዘሩ 80፣ 12 ቀን ይፈጃል፣ 175 ያወጣል። የመጀመሪያው ትርፍ ሲገባ ከፊሉን ለድንች አድርጉት። ከእያንዳንዱ የሰብል ዓይነት አንድ አንድ ሳትሸጡ ሳጥን ውስጥ አኑሩ፤ የፈረሰውን የመንደሩን አዳራሽ ለማደስ ኋላ ትጠየቃላችሁ።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው። የመጀመሪያው ወቅት ጸደይ ነው። እያንዳንዱ ወቅት 28 ቀን ነው፤ 29ኛ ቀን የለም። ወቅቱ ሲቀየር የጸደይ ሰብል ሁሉ ባደረበት ይሞታል። ስለዚህ ድንች ከ22ኛው ቀን በኋላ፣ አበባ ጎመን ከ16ኛው ቀን በኋላ መዝራት ዘር ማባከን ነው። አራተኛው ወቅት ሲመጣ በረዶ ይወርዳል፣ ደጅ የተዘራ ሰብል አይበቅልም። እኛ ክረምት ሲባል ዝናብ፣ ጭቃና አረንጓዴ ነው የሚታየን፤ የጌሙ ግን ደረቅና ነጭ ነው፤ የማዕድን ዋሻውንና ጎረቤቶቻችሁን የምታዩበት ጊዜ አድርጉት።

በ13ኛው ቀን የእንቁላል በዓል አለ። እዚያ የእንጆሪ ዘር በ100 ወርቅ ይሸጣል። ገንዘብ አጠራቅማችሁ ሄዳችሁ የገዛችሁትን በዚያው ምሽት ብትዘሩትና ብታጠጡት በ21 እና በ25 ሁለት ጊዜ ታነሱታላችሁ፤ አንዱ 120 ያወጣል። ከጸደይ ሰብል ሁሉ ለጀማሪ የሚክሰው ይህ ነው።

ዓሣ ማጥመዱ መጀመሪያ እጅን ያስቸግራል። በ2ኛው ቀን መንጠቆ በነጻ ይሰጣችኋል፤ ሞክሩት፣ ካልሆነላችሁ ለጊዜው ተዉት። ዶሮም ለመግዛት አትቸኩሉ። ከዶሮው በፊት የመኖ ጎተራውን አስቀድሙ፤ ጎተራ ሳይኖር ያጨዳችሁት ሣር ድርቆሽ አይሆንም፤ በረዶ ሲመጣ ደግሞ ዶሮዎቹ የሚበሉት ድርቆሹን ነው።

ደረጃ 6፦ ጎረቤት

ብዙ ጀማሪ ይህን ችላ ይለዋል፤ ለእኔ ግን የጌሙ ግማሽ ይሄ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በሳምንት ሁለት ስጦታ መስጠት ይቻላል። በዘር ሱቁ ግድግዳ ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ የማን ልደት መቼ እንደሆነ ያሳያል፤ በልደት ቀን የተሰጠ ስጦታ ስምንት እጥፍ ይቆጠራል። ለምሳሌ ጆርጅ የሚባሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ቁጡ ሽማግሌ አሉ። መጀመሪያ ስታነጋግሯቸው ፊት አይሰጧችሁም። በጸደይ ከሜዳ የምትለቅሙትን ባሮ ሽንኩርት ግን በጣም ይወዳሉ። በሳምንት ሁለት ባሮ ይዛችሁ ግቡ፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አነጋገራቸው ሲለሰልስ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ምረጡ። የሁሉንም ሰው ፍላጎት ከኢንተርኔት ዝርዝር ማጥናት ደስታውን ይገድለዋል።

ጌሙ አማርኛ የለውም። እንግሊዝኛው ግን ቀላልና ተደጋጋሚ ነው፤ የሚማሩ ልጆች ካሏችሁ ጎን ተቀምጣችሁ አብራችሁ አንብቡት።

ደረጃ 7፦ መብራት ሲጠፋ

ኮምፒውተር ላይ ስታርዲው ቫሊ የሚመዘግበው ስትተኙ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ላይ እየተጫወታችሁ መብራት ድንገት ከሄደ የምታጡት ያንን አንድ ቀን፣ ቢበዛ 14 ደቂቃ ነው። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ሥራውን አቋርጣችሁ ወደ አልጋ ሂዱ፤ ቀን ማሳጠር ቅጣት የለውም። ላፕቶፕ ያላችሁም ባትሪው ሊያልቅ ሲል እንዲሁ አድርጉ።

ቤት ቤት ለሚወድ

ዘ ሲምስ 4 ከጥቅምት 2022 ጀምሮ መሠረታዊው ክፍል ነጻ ነው። የሚወርደው በአስር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ስለሆነ የሌሊት ፓኬጅ ያስፈልገዋል። እዚያም ምክሬ ያው ነው፦ አንድ ሰው፣ አንዲት ጠባብ ቤት። በጌሙ ገንዘብ 20,000 ይዛችሁ ትጀምራላችሁ፤ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤትና ሻወር ግዙና የቀረውን ያዙት። ረሃብ፣ እንቅልፍ፣ ሽንት፣ ንጽሕና፣ መዝናናትና ከሰው መገናኘት፤ እነዚህን ስድስት ፍላጎቶች ማመጣጠን ስትለምዱ ሁለተኛ ሰው ጨምሩ።

አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ሰው

ወንድምና እህት በአንድ ኮምፒውተር ከሆነ የሚጫወቱት፣ ስታርዲው ቫሊ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ያጫውታል። ቢያንስ አንድ ጆይስቲክ ያስፈልጋል። አዲስ እርሻ ስትከፍቱ ለሁለተኛው ሰው ጎጆ ምረጡለት፤ ከዚያ በጌሙ ማስተካከያ ገጽ ሁለተኛውን ተጫዋች አስገቡ። አንዱ ሲያጠጣ ሌላው እንጨት ይቁረጥ፤ ቀኑ የሚያልቀው ግን ሁለቱም ሲተኙ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ላይ የጋራ ስለሆነ አንዱ ዘር ሊገዛበት ያሰበውን ሌላው ለቦርሳ ሊያወጣው ይችላል። ካልተስማሙ በከንቲባው ቤት ውስጥ ያለውን መዝገብ ከፍተው ገንዘቡን ለየብቻ ማድረግ ይችላሉ።