የድሮ የሆላንድ የገጠር ሥዕል እጅዎ ቢገባ እንዴት ይመረምሩታል?

በቡናማ ቀለም የተሣለ ትንሽ ወረቀት ነው እንበል። ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው መጠጥ ቤት፣ በርሜል ላይ የተቀመጠ ሰውዬ፣ ደጃፉ ላይ ውሻ። ግርጌው ላይ «ኦስታዴ» የሚል የሆላንዳዊ ሠዓሊ ስም ተፈርሟል። ፊርማውን ለጊዜው ይተዉት። ከሥዕሉ ሁሉ ለመጨመር የሚቀለው እሱ ነው።

መጀመሪያ እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ወረቀቱን በጠርዙ ብቻ ይያዙ፤ ፀሐይ ላይ አያውጡት።

ካርቶን ላይ ካልተለጠፈ የስልክዎን መብራት ከኋላው ያብሩ፣ ልክ ሐሰተኛ ብር እንደሚለዩት። ኦስታዴ በኖረበት በ1600ዎቹ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ወረቀት የሚሠራው በእጅ፣ በሽቦ ወንፊት ላይ ነበር። ስለዚህ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ ራቅ ራቅ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ልሙጥ ወረቀት አውሮፓ ውስጥ የመጣው ከ1750ዎቹ ወዲህ ነው። ልሙጥ ከሆነ የኦስታዴ ነገር እዚሁ ያበቃል። መስመር አለው ብለው ደግሞ አይቸኩሉ፤ ያረጀ ባዶ ወረቀት ፈልጎ የሚያጭበረብር ሞልቷል።

አሁን አጉሊ መነጽር ያንሱ። የዝይ ላባ ብዕር ጫና ሲበዛበት መስመሩ ይወፍራል፣ ሲቀልለት ይቀጥናል። መታጠፊያው ላይ ቀለም ይጠራቀማል። ዙሪያውን አራት ማዕዘን ስርጉድ ካዩ ግን በመዳብ ሰሌዳ የታተመ ሊሆን ይችላል። ኦስታዴ እንዲህ ያሉ 50 ገደማ ሕትመቶች አሉት።

ቀለሙንም ይዩት። በብረት ጨው የሚሠራው ቀለም ከተጻፈበት በኋላ ይጠቁራል፤ ሲቆይ ቡናማ ይሆናል፣ አንዳንዴም ወረቀቱን በልቶ ይበሳዋል። የእኛ ብራና ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ እንዲህ አይሆንም። አንዳንድ ሠዓሊዎች ደግሞ ከእንጨት ጥላሸት ቡናማ ቀለም ያወጡ ነበር። ስለዚህ ቡናማነቱ ብቻ ዕድሜውን አይነግርዎትም።

ከዚያ ሰዎቹን ይመልከቱ። የሃርለሙ አድሪያን ፋን ኦስታዴ (1610–1685) በወጣትነቱ የሣላቸው ገበሬዎች ይሰክራሉ፣ ይደባደባሉ። በስተርጅናው ግን ረጋ ብለው ይጨዋወታሉ። ፊርማውን አሁን ቢያዩት ይሻላል። ያም ሆኖ የኦስታዴ ንድፎች ተማሪው ኮርኔሊስ ዱሳርት እጅ ገብተው እሱ የነካካቸው ስላሉ፣ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት እጅ መገኘቱ ብርቅ አይደለም።

በመጨረሻ ጀርባውን ይገልብጡ። ትንሽ ማኅተም ካለ የቀድሞ ባለቤት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሆላንዳዊው የሥዕል ሰብሳቢ ፍሪትስ ሉኽት እነዚህን ምልክቶች በ1921 በመጽሐፍ ሰብስቧቸዋል፤ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይፈለጋሉ። ፎቶ አንስተው ያነጻጽሩ። ቆሻሻ ነው ብለው በላጲስ እንዳይነኩት።