ካረጡ በኋላ ድድን እንዴት መጠበቅ ይቻላል
በአዳማና በወንጂ ያደገ ሰው ቡናማ ጥርስ አያስደነግጠውም፤ የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። እኔን የሚያስቸግረኝ፣ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ብዙ እናቶች የድዳቸውንም መድማት በዚሁ ውሃ ማሳበባቸው ነው። ውሃው የጥርስን መልክ ያበላሻል እንጂ ድድ አያደማም። ከ45 እስከ 55 ዓመት ያለች ሴት ድዴ ደማ ስትለኝ አስቀድሜ የምጠይቃት ስለ ወር አበባዋ ነው። «ከጥርሴ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው የሚቆጡ አሉ።

ይገናኛል። የድድም የመንጋጋ አጥንትም ሕዋሳት ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ይቀበላሉ። ሴት ስታርጥ ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ድድ ይሳሳል፣ አፍ ይደርቃል፣ አጥንትም ከሚገነባው ይልቅ የሚፈርሰው ይበዛል። ሰውነት በጥርስ ሥር ለተጠራቀመ ቆሻሻ የሚሰጠው ምላሽም ልክ ያጣል፤ ቀድሞ በትንሽ መቅላት ያልፍ የነበረው አሁን ያብጣል፣ ይደማል። ሆኖም እሳቱን የሚጭረው ቆሻሻው ነው፤ በእርሱ ላይ ደግሞ እጃችን ይደርሳል።

ስለዚህ የሚደማውን ቦታ ዘላችሁ አትለፉ። ለስላሳ ብሩሽ ያዙ፤ ፀጉሩን ወደ ድዱ ጠርዝ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በአጭር በአጭሩ አንቀሳቅሱት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ደቂቃ። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ይሁን። ቡናማው ቀለም የሚመጣው ጥርስ በልጅነት ሲሠራ ነው፤ አጥባ የምትተፋን ትልቅ ሴት አያሰጋትም። መፋቂያ የምትወዱ (እኔም እወዳለሁ) ጫፉን አኝካችሁ አለስልሱት፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ፋቁ፤ ወደ ጎን መገዝገዝ የሳሳውን ድድ ይልጠዋል። በጥርስ መካከል ግን መፋቂያም ብሩሽም አይገባም። ለዚያ የጥርስ ክር በቀን አንዴ ይበቃል። ስንጥሩን ተዉት።

ለአፍ መድረቅ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት ይሻላል፤ ከረሜላ መምጠጥ ጥርስን ይጎዳል። ለብ ባለ ውሃ የሟሟ ጨው ሕመሙን ያስታግሳል፣ የደደረውን ቆሻሻ ግን አያነሳም።

እንዲህ አጽድታችሁ በሁለት ሳምንት መድማቱ ካልቆመ ወደ ሐኪም ሂዱ። ጥርስ ከተነቃነቀ ወይም መግል ከታየ ግን አትጠብቁ። ሐኪሙ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለውን ጥልቀት ሲለካ ቁጥሩን ጠይቁ፦ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ክትትል ይፈልጋል። ስኳር ካለባችሁ ወይም የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ በተለይ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሆርሞን ለድድ ብላችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ።

«ሐኪም ቤት የሚደረግ የጥርስ እጥበት ጥርስ ያላላል» የሚለውንም አትስሙ። ጥርሱን ያላላው የጠፋው አጥንት ነው፤ የደደረው ቆሻሻ ሲነሳ ክፍተቱ ይታያል፣ ለጥቂት ቀናትም ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዛል። ያን ሰሞን ውሃውን ለብ አድርጋችሁ ጠጡ።