በሊንተር እየታገዙ የስህተት ማብራሪያ ሰነድን ማረም

ከእንጦጦ ወዲያ ሱሉልታ ላይ ለሚገኝ አንድ የወተት ሰብሳቢ ማኅበር የመመዝገቢያ ሶፍትዌር ስንሠራ፣ የስህተት መልእክቶቹንና የሚያብራራቸውን ሰነድ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ወተት እየለኩ የሚመዘግቡት ሠራተኞች ሁሉም ሴቶች ሆነው ሳለ ሰነዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «የይለፍ ቃልህ»፣ «ደግመህ ሞክር» ይል ነበር። የሊትር ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ላይ ፊደል ሲገባ ደግሞ «ሕገወጥ ግብዓት» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ አንዲት መዝጋቢ ይህን ስታነብ ጥፋት የፈጸመች መስሏት ኮምፒውተሩን አጥፍታ ኃላፊዋን ጠራች። ከዚያ ወዲህ ሰነድን በዓይን ብቻ ማረም ትቼ ሊንተር መጠቀም ጀመርኩ።

ሊንተር ጽሑፍን እያነበበ በደንብ ዝርዝሩ ውስጥ የሰፈረ ቃል ሲያጋጥመው መስመሩን የሚጠቁም ፕሮግራም ነው። አሌክስ የተባለው ሊንተር ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ስለሆነ አማርኛን ሳያይ ያልፋል። ቬይል የተባለው ሌላ ሊንተር ግን የራስን ደንብ በያምል ፋይል (ቅንብር በቁልፍና በዋጋ በሚጻፍበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ለመጻፍ ስለሚፈቅድ ለእኛ ይስማማል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱም ኔትወርክ እንደ ልብ በማይገኝበት የከተማ ዳርቻ ትልቅ ጥቅም ነው።

የመጀመሪያው ደንብ በትርጉም የገቡ ከባድ ቃላትን ይመለከታል። በእንግሊዝኛ «ማስተር» እና «ስሌቭ» ይባሉ የነበሩትን የዳታቤዝ ሰርቨሮች አንዳንድ ተርጓሚዎች «ጌታ» እና «ባሪያ» ብለዋቸዋል። ባርነት በአዋጅ በ1934 ዓ.ም. በተሻረበት አገር ይህ ቃል ተራ የቴክኒክ ስያሜ ሊሆን አይችልም። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ ኮድ ከእነዚህ ስያሜዎች እንዲርቅ የሚመክር መመሪያ አጽድቀዋል፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራምም ከስሪት 8.0.22 ጀምሮ «ስታርት ስሌቭ» በሚለው ትእዛዝ ፈንታ «ስታርት ሬፕሊካ»ን አምጥቷል። በአማርኛ «ዋና ሰርቨር» እና «ቅጂ ሰርቨር» ማለት በቂ ነው። ደንቡን ለመጻፍ በ«ኤክስቴንድስ» (extends) ፊት «ሰብስቲትዩሽን» (substitution) ብለው ያስፍሩ፤ ከዚያም በ«ስዋፕ» (swap) ሥር የሚወገደውን ቃል በግራ፣ ምትኩን በቀኝ ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ ሁለት የአማርኛ ጠባዮች ያስቸግራሉ። አንደኛው፣ ቬይል በልማዱ ቃሉን ለብቻው ቆሞ ካላገኘው አይጠቁምም፤ እኛ ግን «ለባሪያው» እና «ከባሪያዎቹ» እያልን ከፊትም ከኋላም እንቀጥላለን። «ኖንወርድ» (nonword) የሚለውን ቁልፍ «ትሩ» (true) ካደረጉት ቃሉን በሌላ ቃል ውስጥም ያገኘዋል። ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው፤ «ሕገወጥ» በሐመሩ ሐም በሃሌታው ሀም ስለሚጻፍ፣ ሁለቱንም ፊደላት በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አንድ ላይ ([ሕህ] ብለው) ካላስቀመጡ ሊንተሩ አንዱን ይዞ ሌላውን ይለቃል።

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ግን የጾታው ነው። «ሞክር»ን በ«ሞክሪ» መተካት ስህተቱን ማዞር እንጂ ማረም አይደለም፤ «ይሞክሩ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ሁለቱንም ጾታ ይይዛል። ከተቻለም አንባቢውን ጨርሶ ሳይጠሩ «የይለፍ ቃሉ አልተዛመደም» ማለት ይቻላል። እኔ በመጀመሪያ ብልጠት መስሎኝ በ«ህ» የሚያልቀውን ቃል ሁሉ የሚይዝ ደንብ ጽፌ ነበር፤ «ይህ»፣ «እዚህ» እና «እንዲህ» በየመስመሩ ሲለቀሙ ደንቡን ራሱን ሰረዝኩት። «ቃልህ»፣ «ደግመህ»፣ «ስምህን» እያሉ ደጋግመው የሚመጡትን ለይቶ መዘርዘር ይሻላል። «አስገባ» ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ ወንድን ማዘዣም ሊሆን ይችላል፣ «ፕሮግራሙ መረጃውን አስገባ» በሚለው ውስጥ እንዳለው ያለፈ ድርጊትም ሊሆን ይችላል። «ኖንወርድ» ሲጨመርበት «አስገባች» የሚለውንም ይይዛል። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነቱን ቃል «ሌቭል» (level፣ የጥቆማው ደረጃ) ከ«ኤረር» (error) ወደ «ዋርኒንግ» (warning) ያውርዱት፤ ሰው አይቶ ይወስናል።

«ሰርቨሩ ሽባ ሆኗል» የመሳሰለውንም ይዘርዝሩ። «ሰርቨሩ መልስ እየሰጠ አይደለም» አካል ጉዳተኛን አያስከፋም፣ ምን እንደተፈጠረም የበለጠ ይናገራል። ለ«ሕገወጥ ግብዓት» ግን ነጠላ ምትክ ቃል አይፈልጉ። ሊንተሩ ቃሉን ይጠቁማል እንጂ ፊደል የገባው የት እንደሆነ አያውቅም፤ «በሊትር ቦታ ላይ ፊደል ገብቷል፤ አሃዝ ብቻ ያስገቡ» ብሎ የሚጽፈው ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሰው ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው መተው ያለበትን መተው ነው። የቆየ ማይኤስኪውኤል የሚጠቀም ሰው «ስታርት ስሌቭ» ብሎ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ቬይልም በማርክዳውን (ሰነድን በቀላል ምልክቶች መቅረጫ አጻጻፍ) ውስጥ ኮድ ተብሎ የተለየውን ስለማይመረምር ትእዛዞችን በኮድ ምልክት ውስጥ ያስቀምጡ። የመልእክቱ አሮጌ ቃል በተጠቃሚዎች ስክሪን ላይ ገና የሚወጣ ከሆነም በሰነዱ ውስጥ እንዳለ መጠቀስ አለበት፤ አለዚያ ያየችውን መልእክት የምትፈልግ መዝጋቢ ማብራሪያውን አታገኘውም። ከጥቅሱ በፊት «ቬይል ኦፍ» (<!-- vale off -->)፣ ከጥቅሱ በኋላ «ቬይል ኦን» (<!-- vale on -->) የሚሉ የኤችቲኤምኤል አስተያየቶችን ያስገቡ፤ አዲሱ የሶፍትዌር ቅጂ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ሲጫን ጥቅሱንም አስተያየቶቹንም አብረው ያንሱ።