ስለ ብስክሌት ለሚቀርብ ጥያቄ «የለኝም» ብሎ ላለማቆም

በአይልትስ የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተና የመጀመሪያ ክፍል «በልጅነትዎ ብስክሌት ነበረዎት?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ፣ ብስክሌት ኖሮት የማያውቅ ተፈታኝ ብዙ ጊዜ «አልነበረኝም» ብሎ ዝም ይላል። ፈታኙ የሚመዝነው ንግግሩን እንጂ ንብረቱን ስላልሆነ፣ አሉታዊውን መልስ በአጭሩ ከሰጡ በኋላ ወዲያው ወደ ሌላ ጊዜ ይሻገሩ፦ «የራሴ አልነበረኝም፤ ይሁን እንጂ የሰፈር ልጆች ገንዘብ አዋጥተን በሰዓት እንከራይ ነበር፤ ካቴናው በወጣ ቁጥር እጃችን በግራሶ ይጨማለቅ ነበር፤ እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳማ ከተማ ብኖር ኖሮ ዛሬም እነዳ ነበር።»

ይህ የሚሠራው የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ከአራቱ እኩል ክብደት ካላቸው መመዘኛዎች አንዱ በመሆኑ ነው፤ «ዩዝድ ቱ» የሚለው የቀድሞ ልማድና በ«ኢፍ» የሚጀምረው ምናባዊ ሁኔታ ሳይታሰቡ በአንድ መልስ ውስጥ ይገባሉ። በቃላት በኩል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ካቴና፣ ፍሬንና ጎማ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ስለሆኑ በእንግሊዝኛው «ቼይን»፣ «ብሬክ» እና «ታየር» ማለትን አስቀድመው ይለማመዱ።

የመጀመሪያው ክፍል በጠቅላላው ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ መልሱ ከሦስት ወይም ከአራት ዓረፍተ ነገር አይለፍ። ስለ ከተማ ትራንስፖርት ጠቅላላ አስተያየት በሚጠየቅበት በሦስተኛው ክፍል ደግሞ የልጅነት ትዝታን ዋና መልስ ማድረግ አይመከርም።