በላብቪው የተጠቃሚን ቅንብር ሲያስቀምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮድ በሽቦ በተያያዙ ሥዕሎች በሚሠራበት የፕሮግራም መሥሪያ በላብቪው፣ ተጠቃሚው የመረጣቸውን ቅንብሮች፣ ማለትም የመለኪያውን ፍጥነት፣ የወደቡን ስም ወይም የማስጠንቀቂያውን ጣሪያ፣ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት መልሶ ማምጣት ቀላል ሥራ ይመስላል። በሠሪው ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ ያለ እንከን ይሠራል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ፋይሉን የሚያነበው ሌላ ኮምፒውተር፣ ሌላ ተጠቃሚ ወይም ከወራት በኋላ የተሻሻለው ያው ፕሮግራም ሲሆን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት በሙከራ ጊዜ አይታዩም።

ነባሪ ዋጋን እንደ ማስቀመጫ መቁጠር

በፍሮንት ፓነል (ተጠቃሚው በሚያየው መስኮት) ላይ ያሉትን ዋጋዎች ነባሪ አድርጎ ቪአዩን (የላብቪውን የፕሮግራም ፋይል) ሴቭ ማድረግ ፕሮግራሙ በላብቪው ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ያስኬዳል፤ ዋጋዎቹ የሚጻፉት በራሱ በቪአዩ ፋይል ውስጥ ነውና። ሥራው ወደ ኤግዝኪዩተብል (ከላብቪው መሥሪያ ውጭ ወደሚሠራ ፋይል) ከተቀየረ በኋላ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል። መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ሺፍት ሬጂስተርም (ዋጋን ከአንዱ የዑደት ዙር ወደ ሌላው የሚያሻግር ማስታወሻ) ቢሆን የሚያስታውሰው ቪአዩ ከሜሞሪ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው። ቅንብር ከፕሮግራሙ ውጭ የራሱ ፋይል ያስፈልገዋል፤ ለአብዛኛው ሥራም የኮንፊገሬሽን ፋይል ቪአዮች የሚጽፉት፣ በሴክሽን (ክፍል) እና በኪ (የዋጋው መጠሪያ) የተከፋፈለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ይበቃል።

ፋይሉን ከፕሮግራሙ ጎን ማስቀመጥ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደክመው ይህ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ ሲጫን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይገባል፤ ተራ ተጠቃሚ ደግሞ እዚያ የመጻፍ ፈቃድ የለውም። ላብቪው የፈቃድ ጉድለትን የሚያመለክተውን ስህተት ቁጥር 8 ቢያሳይ እንኳ ዕድለኛ ነዎት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሲስተሙ አንዳንድ ባለ32 ቢት ፕሮግራሞች ወደዚያ የሚጽፉትን ፋይል ምንም ሳይናገር ቨርችዋልስቶር ወደሚባል የተጠቃሚው የግል ፎልደር ሊያዞረው ይችላል። በዚህ ጊዜ ቴክኒሻኑ በፕሮግራም ፋይልስ ያለውን ፋይል ከፍቶ ቁጥሩን ያርማል፣ ፕሮግራሙን ያስነሳል፣ የሚያየው ግን ያንኑ አሮጌ ቁጥር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው ሌላውን ቅጂ ነውና። መፍትሔው የሲስተም ፎልደሮችን አድራሻ በሚሰጠው ቪአይ ተጠቅሞ የአንድን ተጠቃሚ ምርጫ በአፕዳታ ውስጥ፣ የማሽኑን የጋራ ቅንብር ደግሞ በፕሮግራምዳታ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ለሁለተኛው የመጻፍ ፈቃዱ በጭነት ጊዜ መስተካከል እንዳለበት ሳይዘነጋ።

መጻፍን እስከ መጨረሻው መግፋት

ኪ የሚጽፈው ቪአይ መረጃውን የሚያኖረው በሜሞሪ ላይ ነው፤ ወደ ዲስክ የሚያወርደው ፋይሉን የሚዘጋው ቪአይ ነው። ብዙዎች ይህን መዝጊያ ከዋናው ዑደት ውጭ፣ በዲያግራሙ (ኮዱ በተሣለበት ገጽ) ቀኝ ጫፍ ላይ ያስቀምጡታል። ተጠቃሚው ቀዩን የማቋረጫ ቁልፍ ሲጫን ወይም መስኮቱን በመዝጊያው ምልክት ሲዘጋ ግን ከዑደቱ በኋላ ያለው ኮድ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ የማቋረጫውን ቁልፍ ይደብቁ፣ የመስኮት መዝጊያውን ጥያቄ በኢቨንት ስትራክቸር (የተጠቃሚውን ድርጊት ጠብቆ ኮድ በሚያስነሳው ክፍል) ይዘው ወደ ሥርዓታዊው መውጫ ይምሩት፤ ከዚያም በላይ ቅንብሩ በተለወጠበት ቅጽበት ይጻፉት። መብራት ሲጠፋ የሚያስጠነቅቅ ኢቨንት የለም።

ቁጥርን በማሽኑ ልማድ መጻፍ

ቁጥርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩት ፈንክሽኖች ካልተነገራቸው በቀር የኮምፒውተሩን የአስርዮሽ ምልክት ይከተላሉ። ኮማ በሚጠቀም ማሽን «2,5» ተብሎ የተጻፈው በነጥብ በሚሠራው ማሽን ላይ 2 ሆኖ ይነበባል፤ የስህተት መልእክትም አይመጣም። በፎርማቱ መጀመሪያ ላይ «%.;» ማስገባት ነጥቡን ያስገድዳል።

ትርጉሙን ትቶ ቅርጹን ማስቀመጥ

የሪንግ ኮንትሮል (ከዝርዝር አንዱን የሚያስመርጥ መቆጣጠሪያ) ዋጋ ከ0 የሚቆጠር ቁጥር ነው። ዝርዝሩ «ባር፣ ፓስካል» ሳለ ተጠቃሚው ፓስካልን ቢመርጥ ፋይሉ ላይ የሚሰፍረው 1 ነው። በሚቀጥለው እትም በመካከላቸው «ኪሎፓስካል» ሲጨመር ያው 1 አዲሱን አሃድ ያመለክታል፤ ልኬቱም ሺህ እጥፍ ይሳሳታል። ጽሑፉን ራሱን ያስቀምጡ፣ ሲያነቡም በዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉት።

ክላስተርን (በአንድነት የታሰሩ የተለያዩ ዋጋዎችን) በሙሉ ወደ ባይነሪ ቀይሮ መጻፍም የዚሁ ዘመድ ነው። ፈጣንና ማራኪ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተታልዬበታለሁ። ፋይሉ የአባላቱን ስም ስለማይዝ፣ በታይፕ ዴፊኒሽኑ (የክላስተሩን ቅርጽ በሚወስነው ፋይል) ላይ አንድ አባል ሲጨመር ወይም ቅደም ተከተሉ ሲቀየር የቀድሞው ፋይል አይነበብም፤ አንዳንዴም ተነቦ የተዛባ ዋጋ ይሰጣል። የግድ ከሆነ ከፊቱ የእትም ቁጥር ይጻፉበት።

የተነበበውን ሳይመረምሩ መቀበል

ኪው ባይገኝ የሚተካው ዋጋ ለእያንዳንዱ ንባብ ይሰጥ፤ የተነበበውም ቁጥር በሚፈቀደው ወሰን ውስጥ መሆኑ ይረጋገጥ። በመጀመሪያው ማስነሻ ፋይሉ ጭራሽ እንደማይኖርም ይታሰብ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ አንድ ወጥመድ አለ፤ የተነበበውን ዋጋ በሎካል ቫሪያብል (የኮንትሮልን ዋጋ ከኮድ በሚጽፍ አካል) ወደ ኮንትሮሉ መጻፍ የዋጋ ለውጥ ኢቨንትን አያስነሳም። ስክሪኑ ላይ የተቀመጠው ፍጥነት በትክክል ይታያል፣ መሣሪያው ግን ሲበራ በነበረው ፍጥነት ይቀጥላል። ቫልዩ ሲግናሊንግ የተባለው ፕሮፐርቲ ኢቨንቱን ያስነሳል፤ እኔ ግን ቅንብሩን ለመሣሪያው የሚልከውን ክፍል አንድ ሰብቪአይ (ከሌላ ቪአይ ውስጥ የሚጠራ ቪአይ) አድርጎ ከንባቡ በኋላም ከኢቨንቱ ውስጥም መጥራትን እመርጣለሁ፤ ዲያግራሙን ለሚያነብ ሰው ቅደም ተከተሉ በሽቦው ላይ ይታየዋልና።